ሁለት ዓይን የተሰጠው ማን ነው? ውክልና በ«ጤዛ» ፊልም

እንደምን ሰነበታችሁ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። ዛሬ የምናነሣው የፊልም ሠሪውን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን፣ ማለትም የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫልን፣ ታላቅ ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም፣ በጀርመን አገር እግሩን አጥቶ፣ እንቅልፍ ነሥቶት፣ ጣና ዳር ወደሚገኘው የእናቱ ቤት የተመለሰውን የአንበርብርን ጉዞ ይተርካል። ፊልሙን አይታችሁታል ብዬ ስለማምን ታሪኩን ከመጀመሪያው አልደግመውም።

አስቀድሜ ግን ኃይሌ ወደተወለደባት ወደ ጎንደር ልውሰዳችሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ስትሉ፣ የኪሩቤል ፊቶች ከጣሪያው ላይ ሆነው ቁልቁል ያዩአችኋል። ፊታቸው ሙሉ ነው፤ ዓይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው፤ ነጩ ሰፊ፣ ብሌኑ ጥቁር፣ ዙሪያው በቀጭን መስመር የተከበበ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይን ይሰጠዋል። ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣላል፣ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በማዕዱ ዙሪያ ከተቀመጡት ደቀ መዛሙርት መካከል ይሁዳን ለመለየት ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልግም፤ አንድ ዓይን ያለውን መፈለግ ይበቃል። ይህን ሥርዓት እጅግ እወደዋለሁ፤ ሠዓሊው ማን ሙሉ ሰው እንደሆነ የሚናገረው በቃል ሳይሆን በዓይን ነውና። እኔም ፊልም ስመለከት ዘወትር የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ዓይን የተሰጠው ማን ነው? በጎን የተሣለውስ ማን ነው?

ውክልና ሲባል እንግዲህ ማን ታየ፣ ማን ተናገረ፣ ታሪኩስ በማን ዓይን ታየ የሚሉትን መመርመር ማለት ነው፤ ይህን ባለፉት ዝግጅቶቻችን ስላየነው አልፈዋለሁ። ያላያችሁት ካላችሁ በቻናላችን ላይ ታገኙታላችሁ።

ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ ግን አለ። «በፊልሙ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ብዝኃነትና ውክልና የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ስሕተት የሚሆንበትንም ምክንያት ረጋ ብለን እንመልከት። በከተማ ፊልሞቻችን የገጠር ሰው ብዙ ጊዜ የሚገባው ለማሳቂያ ነው፤ አነጋገሩ ይሳቅበታል፣ አለባበሱ ይሳቅበታል፣ ከዚያም ይወጣል። በ«ጤዛ» ግን የአንበርብር እናት የቤቱ ምሰሶ ናቸው፤ የተማረው ልጃቸው በቅዠት ሲጮኽ ደግፈው የሚያቆሙት እርሳቸው ናቸው። ልጇን በመግደሏ በመንደሩ የተገለለችውን አዛኑን ያስጠጉትም እርሳቸው ናቸው። ከወታደር አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የተደበቁ ልጆችም አሉ። ገበሬዋ እናት፣ የተገለለችው ሴት፣ የሚታደኑት ልጆች፤ እነዚህ ሁሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ይሁን እንጂ በፊልሞቻችን ሁለት ዓይን የሚሰጣቸው ስንት ጊዜ ነው? ኢትዮጵያዊ መሆን ብቻውን ለሁሉም እኩል ሥፍራ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ፣ አዛኑ ደግ ወይም እርኩስ ተብላ ሳትፈረጅ፣ ከነበደሏና ከነሐዘኗ ቆማ ማየታችን ባላስደነቀን ነበር።

ጀርመን ላይም ጉዳዩ ይቀጥላል። አንበርብር እግሩን ያጣው በዘር ጥላቻ በተነሣሡ ወጣቶች ጥቃት ነው፤ በዚያ ትዕይንት አጥቂዎቹ አንድ ዓይን ብቻ ቢኖራቸው አልቃወምም። በዚያው አገር የምትኖረው ጥቁሯ ሴት፣ ካሳንድራ፣ በጀርመን የሚማሩትን የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የአብዮት ንግግር የምታዳምጥ ጌጥ ሆና አልቀረችም፤ የራሷ ቁስልና የራሷ ሙግት አላት። ይህም የፊልሙ ትልቅ ብርታት ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የአንበርብር ጓደኛ ተስፋዬ ለአብዮቱ ብሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ጀርመናዊት ሚስቱንና ልጁን ትቶ ይሄዳል። ስለ አባቱ መሄድ፣ ስለ ልጁም ዕጣ ብዙ እናስባለን፤ እርሷን ግን ዘወር ብላ ስታልፍ ብቻ ያየናት ያህል ይሰማኛል። ልጁን ይዛ የቀረችው እርሷ ናትና፣ ሁለተኛው ዓይን ለእርሷም ይገባት ነበር።