አሥራ አራትን አሥራ ሦስት ያደረግኩበት ሌሊት

ዛሬ እንግዳ የለም፤ ርዕስም የለኝም። ከኋላዬ ወፍጮው ሲያጉረመርም ከሰማችሁ ይቅርታ፤ ቴስት እያስኬደ ነው። አዎ፣ ያው ኮምፒውተር ነው። "ቀይረው" ያላችሁኝ ሁሉ ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል።

ባለፈው ስለ ቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌሬ "መድረኩ ላይ ትንሽ የኮድ ጽዳት ላደርግ ነው" ስላችሁ ስቃችሁ ነበር። ልክ ነበራችሁ።

ሌሊት ነው። አዲሱን የሶፍትዌር ዝርያ ከመልቀቄ በፊት ሪግሬሽን ቴስቶቹን፣ ማለትም አዲስ ለውጥ ቀድሞ የሚሠራውን እንዳላበላሸ የሚፈትሹትን፣ አስነሣኋቸው። አረንጓዴ አለፈ፣ ቀይ ወደቀ ማለት ነው። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ከዚያ አንዲት ቀይ። "የሚጠበቀው 14፣ የተገኘው 13" ትላለች። የተዋሱት መጽሐፍ እስኪመለስ የቀሩትን ቀናት የምትቆጥረዋ ናት፤ ከአራት ዓመት በፊት የጻፍኳትም እኔው ነኝ። አየኋት። "ያኔ ጀማሪ ነበርኩ፤ የመጀመሪያውን ቀን ደርቤ ቆጥሬ ይሆናል" አልኩ። አሳማኝ ነው እኮ! ቀን ሲቆጥር በአንድ ያልተሳሳተ ፕሮግራመር ካለ ያስተዋውቁኝ። ኮዱን አልነካሁትም። የቴስቷን ፋይል ከፈትኩ፤ አራቷን አጠፋሁ፤ ሦስት ጻፍኩ። አረንጓዴ ሆነች።

ከዚያ ተኛሁ። ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት፤ መርሳት ያቃተኝም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ስሌት ቀን መቁጠሪያውን ተከትሎ ይቆጥር ነበር። እኔ በጽዳቴ በሁለት እኩለ ሌሊቶች መካከል ያለውን ሰዓት ለ24 አካፍዬ ሽርፍራፊውን ጣልኩት። 336 ለ24 ሲካፈል 14 ነው፤ ምን ችግር አለው? የቴስቷ ቀኖች ግን በአውሮፓ የማርችን የመጨረሻ እሑድ ይሻገራሉ። በዚያ እሑድ ሰዓቱ ወደፊት ይገፋል፤ ቀኑ 23 ሰዓት ብቻ ይኖረዋል። 335 ለ24። አሥራ ሦስት ከብዙ ሽርፍራፊ ጋር። የቀሩት የቀን ቴስቶቼ በሙሉ ጃንዋሪ ላይ ናቸው፤ ሁሉም አረንጓዴ ነበሩ። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ቃሏን አስቀየርኳት። ፍርድ ቤት ቢሆን ለዚህ ስም አለው።

አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያው በረራ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ተበታተነ፤ ከአሪያን 4 የተወረሰው ኮድ ባለ 64 ቢት ቁጥር 16 ቢት ውስጥ ለማስገባት ሞክሮ አልበቃው አለ። ግን እዚያ አሮጌው ኮድ ነው በአዲሱ መንገድ ሳይፈተን የቀረው። እዚህ አሮጌዋ ቴስት አዲሱን ኮድ እጅ ከፍንጅ ይዛው ነበር። ምሳሌው አይገጥምም፤ ተዉት። ሮኬት ማንሣት ስለምወድ ነው ያመጣሁት።

ከወራት በኋላ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጻፈችልኝ፤ በጣም ትሑት ደብዳቤ። "ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል፤ ግን አንድ ቀን የጎደለብን መሰለኝ" ትላለች። እሷ ራሷን ጠረጠረች፤ እኔ ግን... እሺ። ስህተቱ የገባበትን ለውጥ የሚያድነውን መሣሪያ፣ ጊት ባይሴክትን፣ አስነሣሁ። እንደምታውቁት መካከሉን እየቆረጠ ይሄዳል፤ አራት መቶ ያህል ኮሚት፣ ማለትም የተመዘገበ የኮድ ለውጥ፣ ቢኖር ዘጠኝ ያህል ሙከራ ይበቃዋል። ወንጀለኛውን አወጣልኝ። የኮሚቱ መግለጫ "ትንሽ ጽዳት፤ የተሳሳተ ቴስትም ተስተካክሏል" ይላል። ሳቅኩ። እውነት ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ ሄደ።

ስህተቱ ራሱ በሁለት መስመር ታረመ። ያልታረመው ሌላ ነው። ቴስት ያረጃል፤ መድረኩ ሲለወጥ የሚጠበቀው ውጤትም መለወጥ አለበት፤ ይህን ደጋግሜ አድርጌዋለሁ፤ ትክክልም ነበር። ይመስለኛል። የትኛው ጊዜ ትክክል፣ የትኛው ጊዜ ድካም እንደነበር ግን በኮሚቶቹ ላይ አልተጻፈም። ሁሉም "ተስተካክሏል" ይላሉ።

ትናንት ማታ ቁጥር ብቻ የቀየርኩባቸውን ኮሚቶች አንድ በአንድ መመለስ ጀመርኩ። ስድስቱ ደህና ናቸው። ሰባተኛው ላይ 200 የነበረውን 199 አድርጌዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ... ቆዩ፣ ወፍጮው ዝም አለ። ጨርሶ ይሆናል። ወይም ደግሞ...