«እኮ በዚያ ሙቀት ላይ…»

እሺ፣ መቅረጫው በርቷል መሰለኝ። ባለፈው ስለ ጎማ አወራለሁ ብዬ ነበር። አላወራም። የጎማ ወገኖች፣ አሁንም ይቅር በሉኝ።

የሐሙሱ ስብሰባ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። የኤሌክትሪክ መኪናችን ባለቤቶች ግሩፕ ውስጥ ያላችሁ ወሬው ደርሷችኋል፦ ከሶፍትዌር አፕዴቱ ወዲህ መኪናዋ በብርድ ቻርጅ ስትደረግ ቀርፋፋ ሆናለች። መኪናዋን የሚሠራው ኩባንያ እንደ እኔ ያሉ የግሩፕ አድሚኖችን በቪዲዮ ላነጋግር አለ። ስሙን አልጠራም። «ከእናንተ ለመማር ነው» ተባልን። ምን ይደበቃል፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሸሚዝ ሁሉ ለብሼ ነው የገባሁት። መኪናዬን «ጣውንቴ» የምትላት ባለቤቴ ሸሚዙን አይታ ምን እንዳለች አልነግራችሁም።

መጀመሪያ ስላይድ ነበር። ቀጥሎ ቪዲዮ፣ መኪናዋ ተራራ ስትወጣ። ያው ታውቁታላችሁ። ከዚያ ጥያቄ ካላችሁ ተባለ። የሌሊቱ ሰውዬአችን፣ በብርድ ቻርጁን ሲለካ የነበረው የግሩፑ አባል፣ ግራፉን አወጣ።

ያቺን ግራፍ ላስረዳ። ሁለት መስመር ናት። አንዱ ከአፕዴቱ በፊት፣ አንዱ ከአፕዴቱ በኋላ። ያው ቻርጀር፣ ያው ብርድ፣ ባትሪው ከ10 ፐርሰንት እስከ 80 እስኪሞላ። በዶንግሉ፣ መኪናዋ ላይ ተሰክታ መረጃዋን በምታነበው ትንሽ ዕቃ፣ የባትሪውን ሙቀት እያነበበ፣ በየደቂቃው እየጻፈ፣ በዚያ ብርድ መኪና ውስጥ ተኮራምቶ የሠራት ናት። የድሮው መስመር ቶሎ ሽቅብ ይወጣል። አዲሱ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ሰው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ነው ቀና የሚለው።

እስከዚያ ድረስ አንድ የኩባንያው ኢንጂነር ጥግ ላይ ዝም ብሎ ነበር። ግራፏ ስትመጣ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ፊቱ ካሜራውን ሞላው። «ይቺን ማን ነው የሠራት?» አለ። አጠያየቁ የፖሊስ አልነበረም። የሆነ… አገር ሰው ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ «የባትሪው ማሞቂያ እኮ በዚያ ሙቀት ላይ…» ብሎ ጀመረ። የሕዝብ ግንኙነቷ ፈገግ ብላ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንመለስበታለን» አለች። ሰውዬው አፉን ገጠመ። ማይኩ ላይ ያቺ ቀይ ምልክት መጣች። አልተመለስንበትም።

እኮ በዚያ ሙቀት ላይ ምን? ከሐሙስ ጀምሮ እኔ እየጨረስኩለት ነው። ሳህን ሳጥብ እጨርስለታለሁ። «አይበራም» ሊል ነበር? «ሆን ብለን ነው የቀነስነው» ሊል ነበር? ምናልባት እኮ ትክክል ናቸው። ሊቲየም ባትሪ በርዶ ሳለ በኃይል ቻርጅ ከተደረገ፣ ሊቲየሙ ወደ አኖዱ፣ ማለት ወደ ባትሪው አሉታዊ ጫፍ፣ ውስጥ ሰርጎ በመግባት ፈንታ ላዩ ላይ ይለበጣል። ያ ባትሪውን ይጎዳዋል፣ ሲብስም አደጋ አለው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ኃይሉን ይይዛል። «ባትሪያችሁ እንዲቆይላችሁ ብለን ነው» ቢሉን ግማሾቻችን እናጨበጭብ ነበር። ግማሾቻችን እንሳደባለን፣ እሺ። ግን ነገሩ ይታወቃል።

የኒሳንን ኤሌክትሪክ መኪና፣ ሊፍን፣ አስታውሱ። በፈረንጆቹ 2012፣ አሜሪካ፣ አሪዞና፣ በዚያ በሚያነድ ሙቀት። ያኔ የሊፍ ባትሪ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝበት ሲስተም አልነበረውም። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን አቅም የሚያሳዩ 12 መስመሮች አሉ። ባለመኪኖቹ እነዚያ መስመሮች አንድ በአንድ ሲጠፉ አዩ። ኢንተርኔት ላይ ተጠራሩ፣ መዝገብ ያዙ፣ መኪኖቻቸውን አሰልፈው ራሳቸው ነድተው ለኩ። ኩባንያው መኪኖች ወስዶ መረመረ፣ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ተሟጋቿ ቼልሲ ሴክስተን ነጻ የአማካሪዎች ቡድን እንድታሰባስብ ጠየቀ። ዓመቱ ሳያልቅ የአቅም ዋስትና እሰጣለሁ አለ። በ5 ዓመት ወይም በ60,000 ማይል ውስጥ ከ9 መስመር በታች ከወረደ ኩባንያው ያስተካክላል። ቀድመው ለገዙትም ጭምር። በልመና የመጣ አይደለም። ሰዎቹ ቁጥር ይዘው ነው የቆሙት።

ሴክስተን ደግሞ የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) ኤሌክትሪክ መኪና፣ ኢቪ ዋን፣ ላይ ስትሠራ የነበረች ናት። ኢቪ ዋን… ውይ፣ እሱን ካነሳሁ አልጨርስም። በሊዝ፣ ማለት በኪራይ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ሰዎቹ እንግዛው አሉ። በፈረንጆቹ 2005 በርባንክ፣ ካሊፎርኒያ፣ መኪኖቹ ከቆሙበት የጂኤም ግቢ ውጭ ቀን ከሌት እየተፈራረቁ ጠበቁ፣ ገንዘብ አቀረቡ። መኪኖቹ ተጭነው ሄዱ። አብዛኞቹ ኢቪ ዋኖች ተጨፈለቁ። ገንዘቤን ካልተቀበልከኝ ብሎ በር ላይ የሚያድር ደንበኛ እኮ ነው! ተውኩት።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከስብሰባው በኋላ ያቺ የሕዝብ ግንኙነት ሴትዮ መልእክት ላከችልኝ። ጨዋ ናት፣ ክፋት የላትም። «ግሩፑ ላይ የቻርጁ ነገር ሲነሳ ቢያስረዱልን ደስ ይለናል፤ እርስዎን የበለጠ ያምናሉ» ይላል። አነበብኩት። ደስ አለኝ። በስመ አብ፣ ደስ አለኝ እኮ! ከዚያ ማታ ጥርሴን እየፋቅኩ፣ ቆይ፣ ምኑን ነው የማስረዳው? ያልነገሩኝን?

የአሜሪካው ኤሌክትሪክ መኪና ሠሪ ሪቪያን በማርች 2022 ቀድመው ያዘዙት ላይ ሳይቀር ዋጋ ሲጨምር ማንም አስረጂ አልተላከም። ሰዉ ጮኸ፣ ትዕዛዙን ሰረዘ። በ2 ቀን ውስጥ አለቃው አርጄ ስካሪንጅ በራሱ ስም ይቅርታ ጠይቆ ለቀደሙት የድሮውን ዋጋ መለሰ። እንደሱ ይሻላል? ወይስ እንደ ቻይናው መኪና ሠሪ ኒዮ? የኒዮው መሥራች ዊሊያም ሊ በፈረንጆቹ 2019 ከራሱ ድርሻ 50 ሚሊዮን አክሲዮን ለተጠቃሚዎች ትረስት፣ ማለት ንብረት በአደራ ለሚይዝላቸው ተቋም፣ ሰጥቷል። የድምፅ መብቱን ግን ራሱ ነው የያዘው። እና ይሄ መቀራረብ ነው ወይስ… እኔ እንጃ። በአንድ በኩል ደግሞ የማን ኩባንያ ይህን ያህል ያደርጋል?

እኛም ቅዱሳን አይደለንም ደግሞ። ግራፏ ግሩፑ ላይ የተለጠፈች ቀን «ለማን ነው የምትሠራው?» ያላችሁት አላችሁ። ታውቃላችሁ ራሳችሁን። ብራንዱን የነካ ሁሉ ጠላት ነው። ማን ከፈላችሁ? ኮፍያ እንኳ አልላኩላችሁም እኮ! ልጁ በብርድ ለእናንተ ነው የተኮራመተው። ይሄንን ሳስብ ሴትዮዋ ላይ የነበረኝ ብስጭት ወደ እናንተ ይዞራል። ከዚያ ደግሞ ይበርድልኛል፣ ምክንያቱም ያለ እናንተ ዶንግል እንኳ የት እንደሚሰካ አላውቅም ነበር።

ለማንኛውም፣ ዛሬ ጠዋት ከኩባንያው ኢሜይል መጣልኝ። «የማኅበረሰብ አምባሳደር» ይላል። አፕዴት ቀድሞ መሞከር፣ ከኢንጂነሮቹ ጋር በየጊዜው መነጋገር። ከኢንጂነሮቹ ጋር! ያ ሰውዬ ይኖራል ማለት ነው። ይጨርስልኝ ነበር። ከሥሩ ግን የሚፈረም ወረቀት አለው፣ የሰማሁትን ለማንም እንዳልናገር። ስለዚህ ብፈርም አውቀዋለሁ፣ እናንተ አትሰሙትም። ካልፈረምኩ ደግሞ… የማሰማችሁ ነገር የለኝም። ባለቤቴ «ፈርም፣ በእንቅልፍህ ስታወራው እኔ እቀዳልሃለሁ» አለች።

አልፈረምኩም። እምቢም አላልኩ። ደግሞ ኢሜይሉ ራሱ ከላይ «ሚስጥራዊ» ይላል፣ አሁን ነው ያየሁት። ታዲያ ይሄንን ማውራቴ… ከፈረምኩ በኋላ ነው የሚሠራው፣ አይደል? ወይስ… ቆይ፣ አንዴ ላንብበው።