አይኤስቢኤን የቅጂ መብት አይሰጥም! የፕሮጀክት ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት መሞላት ያለባት ገጽ

[መክፈቻ]

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ አንድ ገጽ ብቻ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። አንዲት ገጽ። ከርዕስ ገጹ ጀርባ ያለችው፣ በደቃቅ ፊደል የታጨቀችው፦ የባለመብቱ ስም፣ ዓመቱ፣ አይኤስቢኤን የሚባለው ረጅሙ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ የገንዘብ ሰጪው ስም። የፕሮጀክት ማጠቃለያ ሪፖርት ይሁን፣ የጥናት ውጤት ይሁን፣ የሥልጠና መመሪያ ይሁን፣ ጣጣው የሚመጣው ከዚህች ገጽ ነው።

ለምን? መጨረሻ ላይ ስለምትታወስ። ጽሑፉ ታርሞ አልቋል፣ ሽፋኑ ጸድቋል፣ ፋይሉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው፤ ያኔ «አይኤስቢኤኑስ?» ይባላል። ሩጫ ይጀመራል። በሩጫ መሀል ከቁጥሩ አንድ አሃዝ ይገደፋል፣ የለጋሹ ስም ውሉ ከሚለው ውጭ ባጭሩ ይጻፋል፣ የውሉ ቁጥር ጭራሽ ይረሳል። ስለዚህ ይህችን ገጽ መጀመሪያ እንጻፋት፤ ሪፖርቱ ገና ረቂቅ ሳለ።

ወደ ዝርዝሩ ልገባ ነበር፤ ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ስለጻፋችሁ ሳልመልስ አላልፍም። «አይኤስቢኤን ካወጣሁ የቅጂ መብቴ ተጠበቀ ማለት አይደል?» አይደለም። ልድገመው፦ አይደለም!

መኪና አስቡ። መኪና ታርጋ አለው። ታርጋው ምን ያደርጋል? መኪናውን ከሌላው ይለያል። ትራፊኩ በታርጋው ይመዘግበዋል፣ ጋራዡ በታርጋው ይጠራዋል፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው በታርጋው ያውቀዋል። ባለቤት ግን አያደርግም። መኪናው የእናንተ የሆነው ታርጋ ከመታሰሩ በፊት ነው፤ ታርጋው ቢወልቅም የእናንተው ነው። አይኤስቢኤን ታርጋ ነው። የቅጂ መብት ባለቤትነት ነው። አንዱ ሌላውን አይወልድም።

ይህን ምሳሌ ስለምወደው ትንሽ ልሂድበት። ታርጋ የሌለው መኪና ንብረታችሁ ነው፣ ግን አውራ ጎዳና አያስወጣችሁም። አይኤስቢኤን የሌለው መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ የእናንተ ነው፣ ግን የመጻሕፍት መደብርና የአከፋፋይ መዝገብ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። ከአሮጌ መኪና ታርጋ ነቅሎ አዲሱ ላይ ማሰርስ ይቻላል? አይቻልም። ይህ ስህተት በሪፖርቶች ላይ ግን በጣም የተለመደ ነው፦ የመጀመሪያው እትም ቁጥር በተሻሻለው ሁለተኛ እትም ላይ ይደገማል። ካታሎጉ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል፤ አንባቢው አዲሱን አዝዞ አሮጌው ይደርሰዋል። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። ታርጋ ለእያንዳንዱ መኪና ለየብቻ ነው፤ አይኤስቢኤን ግን 500 ቅጂ ብታሳትሙ ለ500ውም አንድ ነው። መንጃ ፈቃድስ? እሱ የሹፌሩ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ታዲያ የቅጂ መብት ከየት ይመጣል? ከመጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው፣ የደራሲያንን መብት የሚጠብቀው የበርን ስምምነት፣ በ1908ቱ የበርሊን ማሻሻያው፣ ጥበቃው ምንም ዓይነት ምዝገባም ሆነ ምልክት አይፈልግም ብሎ ደነገገ። በክብ ውስጥ ያለችው የ«ሲ» ምልክትስ? እሷን በስፋት ያስተዋወቃት የ1952ቱ የጄኔቫ የቅጂ መብት ስምምነት ነው፤ ምዝገባ የሚጠይቁ አገሮች በሦስት ነገር እንዲረኩ ተስማሙ፦ ምልክቷ፣ የባለመብቱ ስም፣ መጀመሪያ የታተመበት ዓመት። ዛሬ ግዴታ ባትሆንም ጻፏት። ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ትነግረዋለች። ዓመቱ ደግሞ የታተመበት እንጂ የተጻፈበት ወይም ፕሮጀክቱ የተጀመረበት አይደለም።

እና ቁልፉ ጥያቄ ይህ ነው፦ ከምልክቷ ቀጥሎ የማን ስም ይጻፍ? የቀጣሪው? የአማካሪው? የለጋሹ? መልሱ ውሉ ውስጥ ነው። በተለይ ከውጭ አማካሪ ካስጻፋችሁ ተጠንቀቁ፤ በብዙ አገር ሕግ ክፍያ ብቻውን መብት አያስተላልፍም፣ በጽሑፍ የሰፈረ ማስተላለፊያ ያስፈልጋል። አማካሪው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል፣ እናንተ ስማችሁን ጻፋችሁ፣ መብቱ ግን አሁንም እሱ ዘንድ ሊሆን ይችላል። ከህትመት በፊት የአንድ አንቀጽ ፊርማ ይበቃል። ከህትመት በኋላ ግን ድርድር ነው።

ከውሉ ሳንወጣ፣ ገንዘብ ሰጪው ስለ ህትመት የጻፈውን አንቀጽ አውጡና ቃል በቃል ገልብጡ። ሙሉ ስሙን፣ የውሉን ቁጥር፣ «በዚህ ጽሑፍ የተገለጸው ሐሳብ የጸሐፊዎቹ ነው» የሚለውን የኃላፊነት መግለጫ፣ የአርማውን አቀማመጥ። አታሳምሩት፣ አታሳጥሩት። መግለጫው በራሳችሁ ቋንቋ ከተቀየረ ወጪውን አልቀበልም የሚል ኦዲተር ሊገጥማችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ፈጠን ልበል፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ።

[በስክሪኑ ላይ፦ 978-0-306-40615-7]

አይኤስቢኤን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ 13 አሃዝ ነው፤ መነሻ፣ የአገር ወይም የቋንቋ ቡድን፣ አሳታሚ፣ ሥራው፣ ማረጋገጫ አሃዝ። የመጀመሪያዎቹን 12 አሃዞች በየተራ በ1 እና በ3 አባዙ፣ ደምሩ። እዚህ 93 ይመጣል። ወደ ቀጣዩ አሥር ቤት ለመድረስ ስንት ይጎድላል? 7። የመጨረሻዋ አሃዝ 7 ናት፣ ልክ ነው። አንድ አሃዝ ብትስቱ ስሌቱ ያጋልጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞችን ብታቀያይሩና ልዩነታቸው 5 ከሆነ ግን አይዘውም፤ ስለዚህ ስሌቱን ሠርታችሁም በዓይን አመሳክሩ።

ቁጥሩን የሚጠይቀው አሳታሚው ነው። አሳታሚ እንጂ አታሚ አይደለም! በአማርኛ የአንዲት ፊደል ልዩነት ናት፣ በሕግ ግን ሰፊ ነው። አሳታሚ ለሥራው መውጣት ኃላፊነት የወሰደው ድርጅት ነው፤ አታሚ ማሽኑን ያንቀሳቀሰው። ማተሚያ ቤቱ «ከእኛ ቁጥር አንዱን እንስጣችሁ» ቢላችሁ አትቀበሉ፣ በዓለም መዝገብ ላይ አሳታሚ ሆኖ የሚታየው እሱ ይሆናል። ለየብቻ የሚሰራጭ እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ቁጥር አለው፦ ለወረቀቱ አንድ፣ ለፒዲኤፉ አንድ፣ ኢፐብ ለሚባለው የኢ-መጽሐፍ ቅርጽ አንድ። ምንም ሳይቀየር በድጋሚ ከታተመ ቁጥሩ ያው ነው። ይዘቱ ከተሻሻለ አዲስ። ያለ ማብቂያ በተከታታይ ቁጥር የሚወጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዓመታዊ ሪፖርት፣ የተከታታይ ህትመት መለያ የሆነውን ባለ 8 አሃዙን አይኤስኤስኤን ጠይቁ።

ዲኦአይ የሚባለው ቋሚ ዲጂታል መለያ ደግሞ ለመስመር ላይ ቅጂው ነው። በ10 ይጀምራል፣ ነጥብ፣ ያስመዘገበው ድርጅት ቁጥር፣ እዝባር (/)፣ ከዚያ የሥራው መለያ። ድረ ገጻችሁ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ፋይሉ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ አዲሱ አድራሻ ከተመዘገበ ዲኦአዩ እዚያው ያደርሳል። ካልተመዘገበ ግን ቁጥሩ ባዶ ገጽ ላይ ይጥላል። ዜኖዶን የመሰለ የመስመር ላይ የምርምር ማከማቻ ዲኦአይ በነጻ ይሰጣል፤ ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ፋይሉን ከመጫናችሁ በፊት ቁጥሩን ማስያዝ መቻላችሁ ነው። ቁጥሩን አስይዙ፣ ገጿ ላይ ጻፉት፣ ፒዲኤፉን አውጡ፣ ከዚያ ጫኑ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፒዲኤፋችሁ የራሱን ቁጥር ሳይዝ ይወጣል።

ያ መንጃ ፈቃድ ያልኳችሁ? ኦርኪድ ነው። 16 አሃዝ፣ የጸሐፊው እንጂ የሥራው አይደለም። ነጻ ነው። ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ተመራማሪዎችን የሚለያቸው እሱ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጸሐፊ ስም ጋር ይግባ።

ቀጥሎ የአጠቃቀም ፈቃድ። ሌሎች ሥራችሁን እንዲጠቀሙበት አስቀድማችሁ ስለምትፈቅዱባቸው ስለ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ራሱን የቻለ ቪዲዮ ስላለን እዚያ ተመልከቱት፤ ለቻናሉ አዲስ ከሆናችሁም ሰብስክራይብ አድርጉ። እዚህ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንድ፣ የሰጣችሁት ፈቃድ ወደ ኋላ አይመለስም። ሁለት፣ «መቀየር አይቻልም» የሚለውን ዓይነት ከመረጣችሁ ሰው ሪፖርታችሁን ተርጉሞ ማሰራጨትም አይችልም። በእኔ እምነት በሕዝብ ገንዘብ ለተሠራ ውጤት ይህ ጥሩ ምርጫ አይደለም፤ ስም መጥቀስን ብቻ የሚጠይቀው ይሻላል። የሌላ ሰው ፎቶ ወይም ካርታ ካለበት ግን «ከገጽ 12 ፎቶ በስተቀር» ብላችሁ ለዩት፤ የእናንተ ያልሆነውን ፈቃድ መስጠት አትችሉም። ምንጭ መጥቀስም ፈቃድ ማግኘት አይደለም።

[በስክሪኑ ላይ፦ የተሳታፊዎች ስም በጥቁር የተሸፈነበት አባሪ]

አሁን ይህን ተመልከቱልኝ፣ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አባሪ 3፣ የቃለ መጠይቅ ተሳታፊዎች። ስሞቹ በጥቁር አራት ማዕዘን ተሸፍነዋል። ተሸፍነዋል ትላላችሁ። ጥቁሩን ላዩን መርጬ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ባዶ ሰነድ ላይ ፔስት። ስሞቹ በሙሉ ወጡ! ጥቁሩ ከላይ የተቀመጠ ሥዕል ነው፣ ጽሑፉ ከሥሩ አለ። በምስጢር እናገራለሁ ብሎ ያመናችሁ ሰው ነው እዚህ የተጋለጠው። መፍትሔው ስሙን ከዋናው ሰነድ መሰረዝና ፒዲኤፉን እንደገና ማውጣት ነው። ስካን የተደረገ የስም መቆጣጠሪያ ከነፊርማውና ከነስልክ ቁጥሩ አባሪ አይሆንም። የፎቶ ፋይሎችም የተነሡበትን ቦታ በውስጣቸው ሊይዙ ስለሚችሉ ያንን መረጃ አጥፉ። የፒዲኤፉን ባሕርያት ስትከፍቱም «ደራሲ» በሚለው ቦታ ቅጹን መጀመሪያ የሠራው ሰው ስም ተቀምጦ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ በትክክለኛው ተኩት።

የቀረው ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው ቅጂ ነው። ብዛቱም ቀነ ገደቡም ከአገር አገር ስለሚለያይ አሳታሚው ያለበትን አገር ሕግ እዩ፤ በአንዳንድ አገር ለዲጂታል ህትመትም ይሠራል። ማተሚያ ቤቱን ስታዝዙ እነዚያን ቅጂዎች ከበጀቱ ብዛት ላይ ጨምሩ፤ የታተመው ሁሉ በምረቃው ቀን ከታደለ በኋላ ለጥቂት ቅጂ ብሎ ማሽን ማስነሣት ውድ ነው።