ኪሳራችሁን ማን ያምናችኋል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴዎች፤ ከሐይቅና ከወልድያ የመጣችሁም። ስለ ኪሳራና ግብር ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ርዕሱ ደስ አይልም፤ አብሽሩ፣ አላረዝመውም።

ብዙ ጊዜ የማየው ጭቅጭቅ እንዲህ ነው። ነጋዴው አክሲዮን ከገዛበት በታች ይሸጣል። ዓመቱ ሲዘጋ ያንን ኪሳራ ከሱቁ ትርፍ ላይ ቀንሶ ያሳውቃል። የግብር ኦዲተሩ ይሰርዘዋል። «ገንዘቤ አልጠፋም እንዴ?» ይላል ነጋዴው። ጠፍቷል። ግን በ2008 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት የአክሲዮን ሽያጭ ኪሳራ ከሱቅ ትርፍ ላይ አይቀነስም። የሚቀነሰው ከሌላ አክሲዮን ሽያጭ ትርፍ ላይ ነው። ዘንድሮ ትርፍ ከሌለ ወደፊት ይሸጋገራል። እዚህ ላይ ኦዲተሩ ልክ ነው።

የከፋው ግን በገዛ እጃችን የምናመጣው ነው። ቤት ስንገዛ ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሰን እናስጽፋለን፣ 2 በመቶውን የቴምብር ቀረጥ ለመቀነስ። እንበል ቤቱ በ4 ሚሊዮን ብር ተገዛ፤ ውሉ 1 ሚሊዮን ተኩል ይላል። 50 ሺህ ብር ተረፈ፣ ደስ አለን። የማንኖርበት ቤት ነው፤ ቆይቶ በ3 ሚሊዮን ተሸጠ። በኪሳችሁ 1 ሚሊዮን ከስራችኋል። በወረቀት ግን 1 ሚሊዮን ተኩል አትርፋችኋል። በዚህ ትርፍ ላይ የሚከፈለው ግብር 15 በመቶ፣ 225 ሺህ ብር ነው። የዋጋ ንረት ማስተካከያውንና ሌላውን ስሌት ለጊዜው ትቼ ነው። ታዲያ ምን ብላችሁ ትከራከራላችሁ? ማስረዳት ያለበት ግብር ከፋዩ ነው፤ ውሉ ደግሞ የራሳችሁ ፊርማ አለበት።

ቅጣቱን በአጭሩ ልበል። በታክስ አስተዳደር አዋጁ ግብር አሳንሶ ያሳወቀ የጎደለውን 10 በመቶ ይቀጣል። ሁለተኛ ጊዜ 30፣ ከዚያ በኋላ 40 በመቶ። ወለዱ ለብቻው ነው። ነገር ግን ሕጉ በእርግጥ የሚያከራክር ከሆነ፣ መንግሥትም ቀድሞ ትርጉም ካልሰጠበት፣ በምክንያታዊ አቋም ያሳወቀ ሰው ይህ ቅጣት አይጣልበትም። ይህችን ብዙ ሰው አይጠቅሳትም።

የግብር ውሳኔው ሲደርሳችሁ ቅሬታ ለማቅረብ 21 ቀን አላችሁ። «እዛ ቤት ሰው አለኝ» እያለ ቀኑን ያሳለፈ ስንቱ ነው! ቅሬታው ውድቅ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይኬዳል። ለዚያ ግን ከሚያከራክረው ግብር ግማሹን ማስያዝ ግድ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ለሚነግድ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም።

በመጨረሻ፣ ከፊት ለተቀመጣችሁ የገቢዎች ሰዎች። በ2014 ጦርነት እዚህ ሱቅ ሲዘረፍ ደረሰኙም አብሮ ጠፍቷል። እኛ የባንክ መግለጫ እናወጣለን፣ ከአቅራቢዎች ቅጂ እንለምናለን፣ ውልና ማስረጃ ያለውን ፋይል እናስፈልጋለን። እናንተም «ዋናው ደረሰኝ የታለ?» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት እነዚህን አንድ በአንድ እዩልን። ያልተቀበላችሁትንም ለምን እንዳልተቀበላችሁ በጽሑፍ ስጡን፤ ይግባኝ የምንለው በዚያ ላይ ነው።

አመሰግናለሁ።