ካርድ የሚመጣ ቀን የምንናገረው

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሰኞ የልጆቻችሁን ካርድ ትቀበላላችሁ፤ ለዚህ ነው ዛሬ ላገኛችሁ የፈለግሁት።

በቀደም ጠዋት ጣና ዳር በእግሬ ስሄድ አንድ አባትና ልጅ የደንገል ታንኳ ሲሠሩ አየሁ። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ደንገሉን አስሮ ሲጨርስ አባትየው ማሰሪያውን በጣቱ ሳብ አደረገው። «ይቺ ላልታለች፤ ፍታትና ደግመህ እሰራት» አለው። ልጁ ፈታ፤ ደግሞ አሰረ። ይኸው ነው። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። አባትየው የተናገረው ስለ ማሰሪያው ነው። ስለ ልጁ ምንም አላለም።

እኛስ? ብርጭቆ ሲሰብር «አንተ የማትረባ!» እንለዋለን። ሁለተኛ ወጥቶ ሲመጣ «አንደኛ የወጣው ሁለት ጭንቅላት አለው?» እንለዋለን። ክፋት ኖሮብን አይደለም፤ ስንሰማው ያደግነው ነው። ልጁ ግን ቃሉን ይዞት ያድጋል። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ሥራ ላይ ትንሽ ሲሳሳት፣ ማንም ሳይናገረው «እኔ ድሮም አልረባም» ይላል። የእኛ ድምፅ የእሱ ሐሳብ ሆነ ማለት ነው።

አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ፣ ድባቴ የያዛቸውን ሰዎች ሲያክም እንዲህ ያለውን ሐሳብ አስተዋለ። ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዓለም፣ ስለ ነገ ክፉ ክፉው ሳይጠሩት ይመጣባቸዋል፤ ሳይመረምሩም ያምኑታል። እሱ የጀመረው ሕክምና ሐሳቡን እንደ ምስክር ይጠይቃል፦ ማስረጃህ ምንድን ነው? ሌላ ምክንያትስ የለም? እዚህ ለተቀመጥነው ለእኛም ይሠራል። ልማድ ነውና ይለወጣል።

ድባቴ ሁሉ ከአስተዳደግ ይመጣል አላልኩም። በዘር የሚመጣ አለ፤ ችግር አለ፤ ልጆቻችን በዚህ ዕድሜያቸው የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ፣ ከጓደኞቹ የሸሸ ልጅ ካላችሁ ጠበልም ውሰዱት፣ ሐኪም ጋም ውሰዱት። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

«ታዲያ እናሞላቃቸው?» ትሉኝ ይሆናል። የለም። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች ተመራማሪ በዚያው ዘመን የወላጆችን አያያዝ አጥንታ፣ ፍቅርና ሥርዓት አብረው ባሉበት ቤት ያደጉት ልጆች፣ ቁጣ ብቻ ካለበትም ልቅ ከሆነውም ቤት ልጆች ይልቅ በራሳቸው የሚተማመኑ ሆነው አግኝታቸዋለች። ያ አባት እኮ የላላውን ማሰሪያ አላለፈውም። አስፈትቶታል።

እኔም ልጄን አስለቅሻለሁ። አምና ስምንተኛ ወጥታ ስትመጣ «ማን ማን ቀደመሽ?» አልኳት። ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ወደ ጓዳ ገባች። ዘንድሮ ሒሳብ ስትወድቅ «የቱ ጋ ነው የከበደሽ?» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ የፈተናውን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሦስተኛውን ጥያቄ በጣቷ አሳየችኝ። እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አብረን ሠራነው።

አመሰግናለሁ።