ከአቦል እስከ በረካ ስልክ የለም

ሰላም ለሁላችሁ። አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን አረፈዳችሁ?

እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን፣ እናንተም ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የመጣችሁት ካርድ ለመቀበል እንደሆነ አውቃለሁ። ካርዱ ይሰጣችኋል፣ አትቁነጥነጡ። ርዕሰ መምህሩ "ክረምቱን ልጆቹ እንዴት ያሳልፉ በሚለው ላይ አንድ ነገር በል" ብለውኝ ነው የቆምኩት። ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ስለ ዛፍ ብቻ የማወራ ይመስላችሁ ይሆናል። ስለ ስልክም አወራለሁ።

እንግዲህ ትምህርት እስከ መስከረም የለም። የደሴን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ልጁም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ስልክ መነካካት ነው። ሲነቃ ስልክ፣ ሲበላ ስልክ፣ ሽንት ቤት ስልክ። ወላጆች አትሳቁ። እናንተንም አያችኋለሁ። አሁን ራሱ ከኋላ ወንበር አንገታቸውን የደፉ አሉ፣ ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ አላስብም።

ስልክ መጥፎ ነው ልላችሁ አልመጣሁም። ወሎ ላይ ቆሞ እንዲህ የሚል ሰው ሰፈሩን አያውቅም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጇ ጅዳ ወይም ሪያድ ያለች እናት አትጠፋም። ልጇን የምታየው በኢሞ ነው። ልጅቷ የሰው ቤት ሥራዋን ጨርሳ እኩለ ሌሊት ላይ ስትደውል እናት ከእንቅልፏ ተነስታ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ደህና መስላ ትታያለች። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ድረስ ሲመጣ፣ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፍቶ ማን እንዳለ፣ ማን እንዳለፈ ሳይታወቅ የሰነበትነውን የረሳ የለም። የስልክ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገረውም። እና "ስልክህን አጥፋና አየር ተቀበል" የሚባለው ምክር እኛ ጋ ሲደርስ አንዳንዱን ሰው ሆዱን ያባባዋል። ልክ ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ተቆርጦብን ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ እኛው መርጠን፣ ለሚጠብቀን ሰው ነግረን፣ ስልኩን ቤት አስቀምጠን መውጣት ደግሞ ሌላ። "ልጄ፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አታገኚኝም፣ ደህና ነኝ፣ ሐይቅ ዳር ነኝ" ብሎ የድምፅ መልእክት መላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ የሚጨነቅ የለም። እናንተም ኪሳችሁን በየደቂቃው አትደባብሱም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፣ ቶሎ እወጣለሁ። ዓይናችን ስክሪን ላይ ሲያፈጥ መርገብገቡን በጣም ይቀንሳል። ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ያቃጥላል። በዚያ ላይ ቅርብ ብቻ እያየ ስለሚውል በዓይን ውስጥ ያለው ጡንቻ እንደተጨበጠ ይቆያል። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር እዩ የሚሉት ለዚህ ነው። ደሴ ላይ ቆሞ ሩቅ የሚታይ ነገር አጣሁ የሚል ሰው አለ? ቀና በሉ፣ ጦሳ አለላችሁ። ለልጆች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በቀን ብርሃን ውጭ የሚጫወቱ ልጆች ሩቅ ያለ ነገር የሚደበዝዝበት የዓይን ችግር የሚይዛቸው ቤት ከሚውሉት ባነሰ መጠን እንደሆነ በብዙ አገር ተጠንቶ ታይቷል። ኋላ ለመነጽር ከምትከፍሉ አሁን ኳስ ብትገዙ ይረክሳችኋል።

ሌላው ነገር ማለቂያ ማጣቱ ነው። የሬዲዮ ዜና ያልቃል። ጋዜጣ ገጹ ያልቃል። ቲክቶክ ግን አያልቅም፣ እንዳያልቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። በጣት ሲገፉት ሌላ ይመጣል፣ ሲገፉት ሌላ። "አንድ ብቻ አይቼ ልተኛ" ያለ ልጅ ሌሊቱን ያጋምሳል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ማዶ ሆነው ያንን ነገር የሚሠሩት ጎበዝ ጎበዝ መሐንዲሶች ናቸው፣ ሥራቸው ደግሞ እኛን እዚያው ማቆየት ነው። የ14 ዓመት ልጅ ብቻውን እንዲያሸንፋቸው መጠበቅ ግፍ ነው።

ተፈጥሮ ምን ይጠቅማል ለሚል አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪች የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች እንዴት እንዳገገሙ መዝገብ አገላብጦ አወዳደረ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮቱ ወደ ዛፍ ነው። የግማሾቹ ወደ ጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ብዙ አልፈለጉም። በመስኮት ብቻ ነው እንግዲህ፣ ደን ውስጥ አልገቡም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ እንግሊዝ አገር ወደ 20 ሺህ ሰው ተጠይቆ፣ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉት ጤናችን ደህና ነው፣ ደስተኞች ነን የማለት ዕድላቸው ጭራሽ ከማይወጡት የበለጠ ሆኖ ተገኘ። የወጡት ስለወጡ ነው ጤነኛ የሆኑት ወይስ ጤነኛ ስለሆኑ ነው የወጡት የሚለውን ጥናቱ አይቆርጥም። ግን ሁለት ሰዓት ነው። በአንድ ቀን ይሁን ተከፋፍሎ፣ ልዩነት አላመጣም። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ ቀርቶ እዚያ የምትቀመጡት ብቻ ይሞላዋል።

ሐይቅን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚያ የማየው ነገር ያናድደኛል። ሰው ይመጣል፣ ጀርባውን ለውኃው ይሰጣል፣ ሰልፊ ይነሳል፣ ቆሮሶ ጠብሰውለት ዓሣውንም ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ስንት ሰው ላይክ እንዳደረገለት ይቆጥራል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ጀምሮ፣ ስንቱ ቁጭ ብሎ የተማረበት ቦታ ነው፤ የእኛ ሰው 15 ደቂቃ አይቀመጥበትም። ወጣሁ ይላል፣ አልወጣም። ስክሪኑን ይዞት ነው የሄደው።

ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ትቶ ለተቀመጠ ሰው ግን ቲያትር አለ። ከውኃው ዳር ባሉት ዛፎችና ቄጤማዎች ላይ እነዚያ ቢጫ ወፎች አሉ፣ ጎጆ የሚሸምኑት። አንዷን ብቻ ምረጡና ተከታተሉ። አንዷን አልኩ እንጂ የሚሠራው ወንዱ ነው። ረጅም ቅጠል ላይ ያርፍና ጠርዙን በመንቁሩ ነከስ ያደርገዋል፤ ከዚያ እንደያዘው ብድግ ብሎ ሲበር ቅጠሉ በቁመቱ ተሰንጥቆ እንደ ክር ይመጣለታል። ያንን ክር ይዞ ቅርንጫፍ ላይ ይቋጥራል፣ ያሾልካል፣ ይስባል። መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፣ እዚያ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ይሸምናል። እጅ የለውም፣ በመንቁርና በእግር ነው። ሲጨርስ ተገልብጦ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። እሷ ትመጣለች፣ ገብታ ታያለች፣ ካልጣማት ትሄዳለች። እሱም ጎጆው ቅጠሉ ሳይደርቅ ካልተወደደለት ብዙ ጊዜ አፍርሶት እንደገና ይጀምራል። ወጣቶች፣ ቤት ሳይኖርህ አታገባም የሚባለው እኛ ሰፈር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህንን በቪዲዮ ማየት ይቻላል፣ አዎ። በቪዲዮ ግን አርባ ሴኮንድ ነው፣ መጠበቁ የለም። ክሩ ወድቆበት ተመልሶ ሲሄድ የለም። ልጅ መጠበቅን የሚማረው ከየት ነው ታዲያ?

አሁን ከገጠር የመጡ አባቶች በልባቸው ምን እንደሚሉ ይገባኛል። "ተፈጥሮ ተፈጥሮ ትላለህ፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን እዚያው ነን፣ ጭቃው ነው፣ ውርጩ ነው" ትላላችሁ። እውነት ነው። ወሎ ውስጥ ተፈጥሮ ሁሌ ፈገግ አላለችም። የ66ን ረሃብ ያየ አለ፣ የ77ን ያየ አለ። እነሱ ሰማይ የሚያዩት ለመዝናናት አልነበረም፣ በጭንቀት ነው። በልግ ጠባቂ አገር ያለ ገበሬ የካቲት ላይ ደመና ካጣ እንቅልፍ የለውም። ለዚህ ነው እኮ ማየት የሚያውቁት። የትኛው ደመና ዝናብ እንደያዘ፣ የትኛው ነፋስ እንደሚበትነው፣ በየት በኩል ካጉረመረመ ወንዙ እንደሚሞላ። ልጁ ግን አባቱ አጠገቡ ቁጭ ብለው ስልኩ ላይ "የነገ አየር" ብሎ ይፈልጋል! ለክረምቱ የምሰጣችሁ የቤት ሥራ ይሄ ነው፣ ማርክ የለውም። አያታችሁን ይዛችሁ ውጡና ሰማዩን ያንብቡላችሁ። ትክክል ይሁኑ ይሳሳቱ፣ በማግስቱ እዩት።

የት እንሂድ ለምትሉ፣ ቦታ ሞልቷል። ኮምቦልቻ ያላችሁ የጎፍ ደን ራስጌያችሁ ነው፣ ጥዱንና ወይራውን እዩት። ከሐይቅ ከተማ አለፍ ብላችሁ አርድቦ ሐይቅ አለ። ራቅ ካላችሁ ቦረና ሳይንት ፓርክ፣ ወይም በላስታ በኩል አቡነ ዮሴፍ ተራራ፤ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ጅብራው፣ ሣር የሚግጠው ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮም እዚያ አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም የቀረው ጥቂት መቶ ነው፣ የሚበላው ደግሞ በአብዛኛው አይጥ፤ ገበሬ እንዴት ይጠላዋል? ነሐሴ ላይ ላሊበላ ለአሸንድዬ፣ ቆቦ ለሶለል የምትሄዱ ልጃገረዶችም ወገባችሁ ላይ የምታስሩትን ቅጠል ከገበያ ከመግዛት ራሳችሁ ውጡና ልቀሙት። መንገድ ስትወጡ ግን የሰላሙን ሁኔታ ጠይቃችሁ፣ ለቤት ነግራችሁ። ይህንን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ግን እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ሩቅ አንሄድም። ገንዘቡም የለም፣ ጊዜውም የለም። ስለዚህ ከቤት እንጀምር። እኛ ወሎዬዎች ሰዓት የማንለካበት ሰዓት አለን፣ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናው ሲቆላ ስልኮቹ በሙሉ አንድ ሰፌድ ላይ ይቀመጡ፣ በረካ እስኪጠጣ ማንም አይንካቸው። ከተቻለ ደግሞ ደጅ ይፈላ፤ ዝናቡ ሲያባራ ረከቦቱን ግቢ አውጡት፣ ዛፍ ካለ ዛፍ ሥር፣ ከሌለ በረንዳ ላይ። ምርቃቱ ላይ "አሚን" ስትሉ ቢያንስ ምን እንደተመረቃችሁ ትሰማላችሁ። ከአረብ አገር ስልክ የምትጠብቅ እናት ግን ድምፁን ከፍ አድርጋ ታስቀምጠው፣ እሷን የሚቆጣት የለም። ለልጆች ግን እንዲህ የሚባል ነገር የለም፣ ምክንያት አትፍጠሩ።

ወላጆች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስልክ መከልከልን ቅጣት አታድርጉት። ሂሳብ ስለወደቀ ስልኩን ነጥቃችሁ "ውጣና ተጫወት" ካላችሁት ውጭ መውጣት የወደቀ ልጅ የሚሄድበት ይሆናል። አብራችሁት ውጡ። የእናንተም ስልክ ቤት ይቅር፣ አለበለዚያ አይሰማችሁም።

ለማንኛውም እኔ ወሬ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። የፊታችን ቅዳሜ ጦሳ እንወጣለን። ቅዳሜ ያደረግነው ዓርብ ጁምዓ ስላለ፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ነው፤ ማንም አይቀርም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ 1 ሰዓት ከሩብ እንሄዳለን፣ አንጠብቅም። ጋቢ ወይም ጃኬት፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ውኃ። ዳቦ ቆሎ ያላችሁ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ ያላችሁ ቆሎ፣ የጾምና የፍስኩን ለይታችሁ ቋጥሩ። የወላጅ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ኪስ ይግባ። የልጆች ስልክ ቤት ይቀራል። ለድንገተኛ ነገር አንድ ስልክ እኔ እይዛለሁ፣ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፣ ማንም ወላጅ መደወል ይችላል። ፎቶ እንነሳ የምትሉ፣ ስልኬ ባለ በተን ነው፣ ካሜራ የለውም፣ አትልፉ። ስም የምታስመዘግቡ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ፣ ካርድ የምትወስዱ በቀኝ።