ኤክስቴንሽኑ ዛሬ የማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ! ከሥራ ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ አልይዛችሁም።

ላፕቶፕ የያዛችሁ እስቲ ክሮምን ክፈቱ። ከላይ በስተቀኝ የፐዝል ቁራጭ የምትመስለውን ምልክት ተጫኑ። የኤክስቴንሽኖቻችሁ ዝርዝር ይወርድላችኋል፤ ኤክስቴንሽን ማለት ብሮውዘር ላይ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም ነው። «ይሄ ደግሞ መቼ ገባ?» የሚያሰኝ ነገር ካያችሁ፣ የዛሬው ወሬያችን ስለሱ ነው።

ኤክስቴንሽን ስንጭን ብሮውዘሩ አንድ ነገር ይነግረናል። በምትከፍቷቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን ዳታ ማንበብና መለወጥ ይችላል ይላል። እኛ ደግሞ ሳናነብ እሺ እንላለን። ነገሩ ግን የምር ነው። ኢሜይል ስትከፍቱ ኢሜይሉን ያያል። የባንክ ገጽ ስትከፍቱ የምትጽፉትን ፓስዎርድ ሳይቀር ማየት ይችላል። አድራሻው ኤችቲቲፒኤስ መሆኑም አያድናችሁም። እሱ የሚጠብቀው በመንገድ ላይ ያለውን ዳታ ነው፤ ኤክስቴንሽኑ ግን ያለው እቤት ውስጥ ነው።

ይሄ ሁሉ ፈቃድ በራሱ ክፉ አይደለም። ማስታወቂያ ማገጃ ገጹን ካላየ ምኑን ያግዳል? እኔን የሚያሳስበኝ ፈቃዱን ዛሬ የያዘው ማን እንደሆነ ነው።

«ዘ ግሬት ሰስፔንደር» የሚባል ነበር። ከፍተን የማንጠቀምባቸውን ገጾች፣ ታቦቹን፣ እያስተኛ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ይቆጥባል። በጣም ጥሩ ነበር፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ ላይ የሠራው ሰው ማንነቱ በይፋ ላልታወቀ ገዢ ሸጠው። አብዛኛው ተጠቃሚ ይህን አልሰማም። ስሙ ያው፣ ምልክቱ ያው፣ አፕዴቱም እንደ ወትሮው በራሱ ይገባል። ዘበኛው ተቀይሮ ቁልፉ ለአዲሱ ሲተላለፍ ማንም እንዳልነገራችሁ ቁጠሩት። በየካቲት 2021 ጉግል ማልዌር፣ ማለትም ጎጂ ፕሮግራም፣ አለበት ብሎ ከየሰዉ ኮምፒውተር ላይ አጠፋው። ስንቱ ሰው በዚያው ተኝተው የነበሩት ታቦቹ ጠፉበት! የሚገርመው፣ ዛሬ ክሮም ራሱ ሜሞሪ የሚቆጥብበት ሴቲንግ አለው።

ሳይሸጥም ይበላሻል። በታኅሣሥ 2024 ሳይበርሄቨን የተባለ የደህንነት ኩባንያ ሠራተኛ፣ ኤክስቴንሽን ከሚወርድበት ከክሮም ስቶር የመጣ በሚመስል ኢሜይል ተታለለ። ሌቦቹ ለኩባንያው ኤክስቴንሽን የተመረዘ አፕዴት በኩባንያው ስም ለቀቁ። ሥራው ደህንነት የሆነው እንዲህ ከሆነ፣ የሌላው ምን ሊሆን ነው?

ነጻ ቪፒኤን ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ2023 እኛ አገር ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲዘጉ ያገኘነውን ሁሉ እንደጫንን እናውቃለን። ሆላ የሚባለው ነጻ ቪፒኤን በ2015 የተጠቃሚዎቹን ኢንተርኔት ለሌላ ደንበኛ እንደሚሸጥ ታወቀ። የማታውቁት ሰው በእናንተ አይፒ፣ በኢንተርኔት አድራሻችሁ፣ ይወጣል ማለት ነው። ያኔ የጫናችሁት እስካሁን ካለ አጥፉት።

ታዲያ ምን ይጫን? እኔ ሁለት እመክራለሁ። አንዱ ዩብሎክ ኦሪጂን የሚባለው ማስታወቂያ ማገጃ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም ገብቶ ሊያየው ይችላል፤ የሚሠራው ሬይመንድ ሂል የእርዳታ ገንዘብ እንኳ አይቀበልም። ክሮም ላይ ሙሉው ስለማይሠራ «ላይት» የሚለውን መጫን ይቻላል፤ ፋየርፎክስ ላይ ግን ሙሉው አለ። «ኦሪጂን» የሌለው ዩብሎክ ሌላ ነው፣ እንዳትሸወዱ። ሁለተኛው ቢትዋርደን፣ የፓስዎርድ መያዣ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ የምወድለት ደግሞ አድራሻው የተመሳሰለ የውሸት ገጽ ላይ ፓስዎርዱን ሙላ ብሎ አያቀርብላችሁም። ዝም ካለ ጠርጥሩ።

የስክሪን ፎቶ ማንሻ ኤክስቴንሽንስ? አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍትና ኤስ ይበቃል። የአማርኛ ኪቦርድም ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ ስትጨምሩ ይመጣል። የምትጽፉትን ሁሉ ለማታውቁት ሰው ምን አስነበባችሁ? የዋጋ ቅናሽ ኩፖን ፈላጊውማ ለእኛ ገበያ ምን ሊረባን!

የግድ የምትፈልጉት ካለ ደግሞ ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ተጫኑና ስትነኩት ብቻ እንዲሠራ አድርጉት። የተጠረጠረ ኤክስቴንሽን ካጠፋችሁ በኋላ ፓስዎርዳችሁን ቀይሩ፤ ከኢሜይላችሁ ጀምሩ፣ የሌላው ሁሉ ፓስዎርድ የሚቀየረው በእሱ በኩል ነውና።

በሉ እንግዲህ ዝርዝሩ ፊታችሁ ነው። ግራ የገባችሁ ካለ ስሙን ጥሩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። አመሰግናለሁ።